አንድ ጉልበትና ያልቀመስነው ምሳ

ከቅርጫት ኳስ ጋር የተዋወቅሁት በጠብ ነው። በኮሮናው ጊዜ የካምፓላው ኦዊኖ ገበያ ተዘግቶ፣ የስፌት መኪናዬም እዚያው ተቆልፎበት፣ ኪሰንዪ ካለችው አንድ ክፍል ቤታችን ደጃፍ ላይ እጄን አጣምሬ እውል ነበር። የልጅ ልጄ ደግሞ ከጠዋት ጀምራ ኳስ ከግቢው ግድግዳ ጋር ታላጋለች። ጎረቤት ያጉረመርማል። ለመንደሩ የታደለው ፖሾ፣ የበቆሎው ገንፎ፣ ምድጃ ላይ ሲንተከተክ እንኳ ከኳሱ ጋር የሚቀባበል ይመስለኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ግድግዳው እኮ የእኛ አይደለም» አልኳት አንድ ቀን።

«ኳሱም የእኛ አይደለም እማማ፤ የክለቡ ነው።»

«እና የሰው ኳስ በሰው ግድግዳ ላይ ምን አስመታሽ?»

«ሥራዬ ነዋ።»

ሥራ ማለቷ ገረመኝ። እናቷ ዓረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ካምፓላ አድጋ፣ እዚሁ ተምራ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ከመንገዱ ጋር በሉጋንዳ እያወራች ቁመቷ ከበር መቃን ጋር እኩል ሆነ። አንድ ክለብ ቁመቷን አይቶ ወሰዳት። ይከፍላታል። እኔ ግን ኳስ ለወረወረ ሰው የሚከፈል መሆኑን ለማመን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

በዚያው ሰሞን ነው አንዲት የክለቡ ልጅ፣ የአገሩ ተወላጅ ሙጋንዳ፣ ቤታችን መምጣት የጀመረችው። ታክሲውም ቦዳ የሚባለው ሞተር ብስክሌትም ሰው እንዳይጭን ስለተከለከለ ከማኬሬሬ ኮረብታ ጀርባ ድረስ በእግሯ ነበር የምትመጣው። ከልጅ ልጄም ትረዝማለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን በራችን ግንባሯን መታት፤ ከዚያ በኋላ ገና ግቢው ጋ ስትደርስ አንገቷን ትሰብራለች።

«ጃጃ፣ ይሄን ቤት ለአጫጭር ሰዎች ነው የሠራሽው» አለችኝ። ጃጃ በእነሱ አያት ማለት ነው።

«አልሠራሁትም፣ ተከራይቼው ነው። አንቺን ለክቶ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ገና አልተወለደም።»

በገበያ ሉጋንዳዬ ነበር የማወራት፤ የጎደለውን የልጅ ልጄ ትሞላልኛለች። ያለንን አብራን ትበላለች፣ ኳሱን አብረው ከግድግዳው ጋር ያላጋሉ። ጎረቤት አሁን በሁለት ኳስ ማጉረምረም ጀመረ።

ይህች ልጅ የክለቡ ኮከብ መሆኗን የነገረችኝ ራሷ አይደለችም፤ የልጅ ልጄ ናት። አብራ የነገረችኝ ሌላም ነገር ነበር። ሁለቱ የሚጫወቱት አንድ ቦታ ነው፤ ሙጋንዳዋ ትጫወታለች፣ የልጅ ልጄ ደግሞ ተቀያሪዋ ናት። ነገሩ አልገባኝም። ሁለቱም እኩል ይሠራሉ፣ እኩል ያልባቸዋል፤ አንዷ ሜዳ ውስጥ ትሮጣለች፣ አንዷ ፎጣ ይዛ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ገደቡ ላላ ብሎ ልምምድ ሲጀመር አሰልጣኙ ዘንድ ሄድኩ።

«ጊዜውን ለሁለት ክፈልላቸው» አልኩት።

ሳቀ። «ጃጃ፣ እኔ እዚህ ዳቦ አላከፋፍልም። የተቀጠርኩት እንዳሸንፍ ነው።»

«ዳቦ ብታከፋፍል ይሻልህ ነበር» ብዬው ወጣሁ።

የልጅ ልጄ ብዙ ቀን አኮረፈችኝ። ሙጋንዳዋ ግን በሳቅ ልትሞት ነው። ከዚያ ወዲህ ስታገኘኝ «ጃጃ ዳቦ» ሆነ ስሜ።

የዚያ ዓመት ውድድር ሳይጀመር ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት ተጀምሮ ከተማው እንደገና ሲዘጋ ተቋረጠ። ልጃገረዶቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማይመጣ ቀን ሲሮጡ ከረሙ። እኔ ሰው ሠርቶ የሥራውን ሲያጣ ማየት አልችልም፤ ግን የምጮህበት ሰው አልነበረም። በሽታ አይከሰስም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ሲገባ ሁሉም ነገር ተከፈተ። ኦዊኖ ተመልሼ መኪናዬን አራገፍኩ፤ የሳልቫጅ ሱሪ ማጥበብና ማሳጠር ነው ሥራዬ። የክለቡንም ማልያ እኔው መጠገን ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሉጎጎ ስፖርት አዳራሽ ሄጄ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ነጠላዬን አጥፌ እቀመጥበታለሁ። ከበሮ አለ፣ ጥሩንባ አለ፣ ጆሮ የሚበጥስ። ጨዋታው ሲጀመር ኳሱ ወደ ሙጋንዳዋ ይሄዳል። አራቱ ጓደኞቿ ኳሱን ሰጥተዋት እንደ እኛው ተመልካች ይሆናሉ። እሷ ትዘላለች፣ ታገባለች፣ ከበሮው ይናጋል። አሸነፉ፣ እንደገና አሸነፉ። የልጅ ልጄ ፎጣውን ይዛ ታጨበጭባለች። ሙጋንዳዋ ወጥታ ስትቀመጥ ፎጣውን ከእጇ ትቀበልና ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ትላታለች፤ ይሳሳቃሉ። እኔ ብቻዬን እንደተናደድኩ ቀረሁ።

የተጎዳች ቀን ማንም አልነካትም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። የገፋት ቢኖር፣ የጠለፋት ቢኖር፣ ወርጄ እይዘው ነበር። ብቻዋን ዘለለች፣ ብቻዋን ወረደች፣ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ የወደቀ ዕቃ እንደሚመለከት ሰው ተመለከተችው። ከበሮው ቆመ። ከበሮ ሲቆም ያ ቤት እንዴት ያለ ትልቅ ቤት እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

ሐኪሙ ጅማቷ ግማሹ እንደተቀደደ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት መዝለል እንደሌለባት ነገራት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የውድድሩ ዓመት ሌላ ዓመት ሆነ። ከበሮ መቺዎቹ መምጣት ተዉ። ደረጃው ባዶ ስለሆነ ነጠላዬን የትም ማንጠፍ ቻልኩ። የልጅ ልጄ ገባች፤ እኔም የተመኘሁትን አገኘሁ ማለት ነው፤ ግን እንዲህ አልነበረም የተመኘሁት። ልጆቹ ኳሱን የሚወረውሩት ሙጋንዳዋ ትዘልበት ወደነበረው ከፍታ ነው። የልጅ ልጄ ከዚያ በስንዝር ታንሳለች። ኳሱ ከጣቷ በላይ አልፎ ይሄዳል፤ የመጣው ጥቂት ሰው የሙጋንዳዋን የማልያ ቁጥር ይጠራል። ተሸነፉ። እንደገና ተሸነፉ።

«እኔን እኮ አይደለም የሚያዩት» አለችኝ አንድ ማታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ። «እዚያ የሌለችውን ነው የሚያዩት።»

«ዓይናቸውን ጥለው ነዋ።»

«እማማ፣ እኔም እሷን ነው የምፈልጋት።»

ሙጋንዳዋ ግን ከሜዳው አልጠፋችም። በክራንች እያነከሰች መጥታ የልጅ ልጄ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አሁን ፎጣውን የምትይዘው እሷ ናት። የልጅ ልጄ ስትወጣ ግንባሯን ትጠርግላትና በእጇ ታሳያታለች፤ እንዲህ ቁሚ፣ እንዲህ ዙሪ፣ እገሊት ዝቅ አድርጋ እንድትሰጥሽ ንገሪያት። ቀስ በቀስ ነገሩ ተለወጠ። ልጆቹ አንድ ሰው መጠበቅ ትተው ኳሱን በአምስቱም እጅ ማዞር ጀመሩ። የሚያስጨበጭብ ጨዋታ አልነበረም። የተጣፈ ልብስ እንደ መልበስ ነው፤ ብርድ ግን ይከላከላል። በአንድና በሁለት ነጥብ እያሸነፉ ሄደው ሄደው ማንም ያልጠበቀው ፍጻሜ ደረሱ።

አሰልጣኙን ደጅ ላይ አገኘሁትና «ዳቦ ማከፋፈል ጀመርክ አይደል?» አልኩት።

«ጃጃ፣ ዳቦ ጋጋሪዬ ታማብኝ ነው» አለኝ። አልሳቀም።

ፍጻሜው ሊደርስ ሲል ሙጋንዳዋ ኦዊኖ መጣች። በሱሪዎቹ ክምር ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ የጉልበት ማሰሪያዋን አወጣች። ከወፍራም ላስቲክ የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ከተጎዳች ወዲህ እያመጣችልኝ አስተካክለዋለሁ።

«አጥብቂልኝ፣ ጃጃ ዳቦ።»

ሜትሬን አውጥቼ ለካኋት። ጭኗ መንምኗል፤ ማሰሪያው ከላይ ይንሸራተታል። ጉልበቷ ላይ ደግሞ ይጠባል፤ መፍታት ነው የሚፈልገው። አንድ ጨርቅ ላይ ከላይ ላጥብብ፣ ከመሃል ልፍታ ማለት ነው። እንዲህ ያለ እግር ደረጃ ለመውጣትም የሚሆን አልመሰለኝ።

«ለምንሽ ነው?»

«ለቅዳሜ።»

«ቅዳሜ የልጅ ልጄ ናት የምትጫወተው።»

ሱሪ አንስታ ኪሱን ገልብጣ መለሰችው። «ቅዳሜ ከውጭ አገር ክለብ ሰው ይመጣል፤ ተጫዋች የሚመለምል። ሁለት ዓመት ኮሮና በላብኝ፣ ጃጃ። ዘንድሮ ካላየኝ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሌላ ልጅ ሊያይ ነው።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ኳስ አይጫወትም።»

«እናትሽስ ምን አለች?»

«ገና አልወሰነችም። አሰልጣኙ ያለ እሷ ፈቃድ አላስገባትም ብሎ ቃል ሰጥቷታል። እምቢ ካለች አለቀልኝ።»

ማሰሪያውን አጥፌ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። «እኔ አልሰፋውም።»

«ኦዊኖ ሙሉ ሰፊ ነው።»

«ይስፉልሽ።»

ለመነሳት ጊዜ ፈጀባት። መጀመሪያ ጤነኛውን እግር፣ ቀጥሎ እጇን የመኪናዬ ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ ያንን እግር። ጠርዙ ተነቃነቀ። «ቻው፣ ጃጃ» ብላ በሱሪ ሻጮቹ መሃል ራሷ ከሁሉም በላይ እየታየ ሄደች።

ማታ ለልጅ ልጄ እናቲቱን ላነጋግር እንደሆነ ነገርኳት። የምትጫወትበትን ጫማ እያጠበች ነበር፤ ብሩሹን አስቀመጠች።

«እማማ፣ እባክሽ እዚህ ነገር ውስጥ አትግቢ።»

«ልጅቷ እግሯን ልታጣ ነው።»

«አውቃለሁ። እሷ ካልገባች የሚገባው ማን ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል።»

«ሰውን ተዪው። እሷ ምን ትላለች?»

ተኝቼ ራሴን ጠየቅሁ። የልጅ ልጄ ፍጻሜ ስትጫወት ባይ ደስ አይለኝም ብል መዋሸት ነው። ግን ተቀያሪዋ የማላውቃት ልጅ ብትሆንም ያው እሄድ ነበር። ይህን ከልቤ አውቀዋለሁ። ችግሩ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

በእኛ ወግ ከባድ ነገር ብቻን ተሂዶ አይጠየቅም፤ ሽማግሌ ይላካል። ሁለት ሰዎች ለመንኩ። አንዱ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ንግግር የሚያውቁ፣ ተጣልተው የማይነጋገሩ ባልና ሚስት አስታርቀው የማያውቁበት ግቢ ኪሰንዪ ውስጥ የለም። ሌላው ዱሮ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ፣ ካምፓላ ያረጀ፣ ሉጋንዳውን እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር ሰው ነው። እሱ ሊያስተረጉም።

«ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር ስትሄድ አይቼ አላውቅም» አሉኝ ሰብሳቢው ነጠላዬን አጣፍቼ ሲያዩኝ።

«ዛሬ ያያሉ።»

«ደግሞ አፍሽን ትይዣለሽ?»

«እሞክራለሁ» አልኩ። ሾፌሩ ሳቀ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እንደምንመጣ ሾፌሩ በስልክ ተናግሮ ነበር። ቤቷ ከማኬሬሬ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ደጃፏ ላይ ከሰል በቆርቆሮ እየለካች ትሸጣለች፤ ያን ቀን ከሰሉን ሸፍናዋለች። ትከሻው የቆመውን፣ ወገቡ በመቀነት የሚታሰረውን የክብር ቀሚሳቸውን ለብሳ ነበር የጠበቀችን። ከእኔ በብዙ የምታንስ ሴት ናት። እንዳየችን በጉልበቷ ተንበርክካ ሰላም አለችን፤ የአገሩ ሴት እንግዳን የምትቀበለው እንዲህ ነው። ልጅቷ ልምምድ ላይ ነበረች፤ ቤት ውስጥ እናቲቱ ብቻ ናት።

ገባን። ወለሉ ላይ አዲስ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ማቶኬው፣ የአገሩ የሙዝ ገንፎ፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ይጨሳል። አጠገቡ ደግሞ በየአንዳንዱ ቅጠል የተቋጠረ ዶሮ አለ፤ ለትልቅ እንግዳ የሚሠሩት ነው። የቅጠሉ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እናቲቱ ሳህንና የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጥታ እንደገና ተንበረከከች፤ እጃችንን ልታስታጥበን።

እኛ ቆምን።

«ተቀመጡ» አለች።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣንበትን ሳትሰሚን አንቀመጥም» አሉ። ሾፌሩ ተረጎመው።

«መጀመሪያ ብሉ፤ ከዚያ እሰማለሁ።»

«ቃልሽን ሳትሰጪን እህልሽን አንቀምስም።»

በእኛ ዘንድ ይህ ማክበር ነው። የቤቱ ባለቤት ይደነግጣል፣ እሺ በቃ ተቀመጡልኝ ይላል፣ ሽማግሌ ቆሞ አይለመንም ይላል፤ ነገሩ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። እሷ አልደነገጠችም። በጉልበቷ እንደሆነች፣ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች፣ የእኔን እጅ አየችው። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል ሳህኑ ላይ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ ነበር።

ሰብሳቢው መናገራቸውን ቀጠሉ። ልጅሽ ልጃችን ናት አሉ። ሐኪም ያለውን ነገሩ። ቅዳሜ እንዳትጫወት ቃል ስጪን፣ ቃሉን ሰጥተሽን ምሳሽን በደስታ እንበላለን አሉ። አማርኛቸው ያምር ነበር፤ ሾፌሩ የቻለውን ያህል አደረሰላቸው።

እናቲቱ ሰማች። ማንቆርቆሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ለሾፌሩ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ልጄ ስትቀመጥ የምትገባው የማን ልጅ ናት?»

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። ሳይተረጉም ገብቶኛል። «የእኔ ናት» አልኩ በራሴ ሉጋንዳ። ምን ልደብቅ።

ተነሣች። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ምግቡ ላይ መለሰች፣ ጫፋቸውን ወደ ሥር አጠፈች፣ የሕፃን ብርድ ልብስ እንደምታጣፋ። «ልጄ እናንተ ቤት ስትበላ ነው የከረመችው» አለች። «ባላችሁ ጊዜም በሌላችሁም ጊዜ። አንድም ቀን እምቢ ብላችሁ አታውቅም።» ከዚያ በጓሮ በር ወጣች። ሂዱ አላለችንም። ብዙ ጠበቅን። አልተመለሰችም።

በታክሲው ሁለቱ ተጣሉ።

«እዚህ አገር አርጅቻለሁ፤ ምግብ ቀርቦለት ቆሞ የሄደ እንግዳ አይቼ አላውቅም» አለ ሾፌሩ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ተርጉም አላችሁኝ፤ ተረጎምኩ። ለካ መምከርም ነበረብኝ?»

«በልቶ መጠየቅ ልመና ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው።»

«እሷ በጉልበቷ ነበረች እኮ፣ ጋሼ።»

ሰብሳቢው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔም አፌን ያዝኩ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቅዳሜ ከበሮዎቹ ተመለሱ። ሙጋንዳዋ ትገባለች የሚለው ወሬ ከተማውን አዳርሷል፤ ደረጃው ሞልቶ ነጠላዬን ማንጠፊያ አጣሁ። ስትገባ ቤቱ ተናጋ። ማሰሪያውን ሌላ ሰው ሰፍቶላታል፤ ከላይም ከመሃልም አጥብቆ፣ በቀይ ክር። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ክሩ ይታየኝ ነበር። የልጅ ልጄ ወንበሯ ላይ ፎጣውን ይዛ ተቀመጠች።

አገባች። ሁለተኛም አገባች። ሰው አበደ። እኔ ግን ሌላውን ነበር የማየው። በስንት መከራ ኳሱን ማዞር የተማሩት ልጆች እንደገና ወደ እሷ መወርወርና ቆመው ማየት ጀመሩ። ተጎድታ ያስተማረቻቸውን የዳነች መስላ አስረሳቻቸው።

ዕረፍት ሳይደርስ ዘለለች። ስትወርድ አሁንም ማንም አልነካትም። ያን ጊዜ ግን ጮኸች። ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው የልጅ ልጄ ናት፤ ፎጣውን ከራሷ ሥር አደረገችላት። አራት ሰው ተሸክሞ አወጣት፤ አንድ እግሯ ከሌላው ጋር አብሮ አይሄድም ነበር።

የልጅ ልጄ ገባች። ልጆቹ ለማን እንደሚወረውሩ ጠፋቸው፤ ዝቅ አድርገው ይስጡ፣ ከፍ አድርገው ይስጡ። ኮከባቸውም የለች፣ ያለ ኮከብ የተማሩትም የለ። ጨዋታው ሳያልቅ ሰው መውጣት ጀመረ። ደረጃ ስወርድ ከኋላዬ አንዱ «ዋንጫውን ያስበላችን ስደተኛዋ ናት» አለ። ዞሬ የማን ልጅ እንደሆነ ልጠይቀው ነበር፤ ተገፍቶ አለፈ። ከውጭ ይመጣል የተባለውን ሰው አየሁ የሚል ሰው አላገኘሁም። መጥቶ አይቶ ሄደ የሚሉ አሉ፤ ጭራሽ አልመጣም የሚሉም አሉ።

ማግስቱን የልጅ ልጄ ኳሱን በፌስታል አድርጋ ለክለቡ መለሰችው። «ለምን?» አልኳት። «ግድግዳው የእኛ አይደለም ብለሽ የለ» አለችኝ። ጎረቤት ማጉረምረሙን አቆመ። ጸጥታው ግን ለማንም አልተመቸም መሰለኝ፤ የጎረቤታችን ሚስት ራሷ መጥታ «ልጅቷን አመማት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከብዙ ቀን በኋላ የልጅ ልጄ ሙጋንዳዋን ጠይቃ ተመለሰችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ሁለት ጅማት ነው የተበጠሰው ብሏል። ትሄዳለች፤ መዝለል ግን የለም፣ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ ወዲያም።

«እና እማማ፣ አንድ ነገር ነገረችኝ።»

«ተናገሪ።»

«እናቷ ያን ሐሙስ ልታስቀራት ወስና ነበር። ዶሮዋን ያረደችው ለዚህ ነው፤ እንቁላል የምትጥለዋን ዶሮ። ብሉልኝ፣ ልጄን ስላበላችሁልኝ፣ ቅዳሜ አትጫወትም ልትላችሁ። ማታ ልጅቷ ስትመጣ ግን፣ ቤቴ እጃቸውን ያልታጠቡ ሰዎች ምክር አልሰማም፣ ሂጂ ተጫወቺ አለቻት።»

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። የተናገርነው ሁሉ እውነት ነበር። አንድ ቃል ያጠፋሁ አይመስለኝም። ሰብሳቢውም አላጠፉ፣ ሾፌሩም አላጠፋ። ይህን ሁሉ ዛሬም እላለሁ፤ እያልኩትም ያ ውሃ ሳህኑ ላይ ጠብ ሲል ይሰማኛል።

የገና ጾም ሲገባ ብቻዬን ሄድኩ። ሽማግሌ አልያዝኩም። ቦዳው ቁልቁለቱ ላይ አወረደኝ። እናቲቱ ከሰል እየለካች ነበር፤ አየችኝ፣ ለያዘችው ደንበኛ ቆርቆሮውን ሞልታ ሰጠች፣ ጥቁር እጇን በጨርቅ ጠረገች። ቀሚሷ የዘወትር ነው። ገባች፤ ተከትያት ገባሁ። ልጅቷ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። «ጃጃ ዳቦ» አለች ቀስ ብላ። በራቸው ከእኛም ዝቅ ይላል፤ ያን ቀን አላስተዋልኩትም ነበር። ልጅቷ አሁን አንገቷን መስበር አያስፈልጋትም፤ በክራንች ስትቆም አጥራለች።

ተቀመጪ ሳልባል ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቲቱ በጓሮ ወጣች። የዶሮ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ድምፁ ቆመ። ከልጅቷ ጋር ብዙ ሰዓት ተቀመጥን። የልጅ ልጄ ልምምድ መሄድ ትታ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኩ። «ንገሪያት፣ ጉልበቷ ጤነኛ ነው» አለች። እሺ አልኩ።

ምግቡ መጣ። ማቶኬ፣ በቅጠል የተቋጠረ ዶሮ። ልጅቷ ጾማችንን ታውቃለች፤ እኛ ቤት ስንቴ ሽሮ በልታለች። «ማማ፣ ጃጃ እኮ አሁን እነሱ...» ብላ ጀመረች። በዓይኔ ዝም አሰኘኋት። ይህን ለነፍስ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ የታዘዝኩትን ሰግጃለሁ።

እናቲቱ ሳህኑንና ማንቆርቆሪያውን ይዛ ተንበረከከች። ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁላት። ውሃው ለብ ያለ ነበር። አፈሰሰችልኝ፣ ታጠብኩ፣ ቅጠሉን ፈታሁ። እስክጨርስ ድረስ ከፊቴ አልተነሣችም። አጥንቱን ቅጠሉ ላይ ሰብስቤ «ይጣፍጣል» አልኳት።

አጥንቱን አየችው። «የዚያን ቀኑ ይሻል ነበር» አለች፤ ሳህኑንም አንስታ እንደገና ውሃ አፈሰሰችልኝ።